«ልጁ አይሰማም»፦ ትኩረት፣ ቋንቋ እና የአንድ ቃል ታሪክ

በወላጆች ስብሰባ ላይ ከአስተማሪ አፍ ወጥቶ፣ በአስተርጓሚ በኩል አልፎ፣ ወላጆቻችን ጆሮ የሚደርስ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ። በዕብራይስጥ «ሁ ሎ ማቅሺቭ» ይባላል፤ በአማርኛ «ልጁ አይሰማም» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ስሕተት ነው አይባልም። ግን የአማርኛው ቃል ከዕብራይስጡ ይሰፋል። «አይሰማም» ማለት ጆሮው ችግር አለበት ማለት ሊሆን ይችላል። ልቡ ሌላ ቦታ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። የሚነገረው ነገር አይገባውም ማለትም ይሆናል። ጎንደር ገጠር ላደገ ወላጅ ግን መጀመሪያ የሚመጣለት ሌላ ነው፦ አይታዘዝም፣ የሰው ቃል አይሰማም፣ ባለጌ ሆኗል። እናት አንገቷን ደፍታ ቤት ትገባለች፤ ልጁም ያን ዕለት ማታ ቁጣውን ይቀበላል።

ጆሮን፣ ትኩረትን፣ ቋንቋንና ጠባይን ዛሬ የተለያዩ ባለሙያዎች ለየብቻ ይመረምሯቸዋል። ሐኪሞች ለያይተው ማየት እስኪጀምሩ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ትኩረትንና ቋንቋን የመለየቱ ሥራማ ዛሬም አላለቀም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው የልጆችን የቋንቋ እድገት ነው። ታሪኩ ውስጥ የገባሁት ለአንድ ሴሚናር ብዬ ስለ «ሃፍራዓት ኬሼቭ»፣ ማለትም ስለ ትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ፣ ከዱሮ ጀምሮ የተጻፈውን ሳገላብጥ ነው። ያየሁት ነገር ገረመኝ። ቋንቋ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል፣ ከዚያ እንደገና ይገባል። የእኛ ማኅበረሰብ እስራኤል የደረሰው ደግሞ ልክ በወጣበት ሰዓት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከመጀመሬ በፊት አንዲት ነገር ልበል። በዕብራይስጥ «ሲም ሌቭ» ሲባል ቃል በቃል «ልብ አድርግ» ማለት ነው። እኛም «ልብ በል»፣ «ልብ አድርግ» እንላለን። ሁለቱም ቋንቋዎች ትኩረትን ያስቀመጡት ልብ ውስጥ ነው። የሚነግሩትን ቶሎ የሚረሳውን ልጅ «ልበ ቢስ» እንለዋለን፤ አንድ ቦታ የማይረጋውን «ቀዥቃዣ»፣ «ቅልብልብ»። አያቶቻችን የሐኪም ስም አላወጡለትም እንጂ ልጁን በደንብ ያውቁት ነበር። «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፈጠራ ነው» ለሚሉ ዘመዶቻችን የምመልሰው ይህንን ነው።

ከለንደን እስከ በርሊን

በ1798 አሌክሳንደር ክራይተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ስለ አእምሮ ሕመም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለትኩረትና ለትኩረት ሕመሞች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠ። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በአንድ ነገር ላይ መጽናት እንደማይችል፣ ይህም የልጅን ትምህርት እንደሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ግን በዕድሜ እየቀነሰ እንደሚሄድ ጽፏል። ቁጣም ውግዘትም የለበትም፤ ሐኪም ያየውን ይጽፋል፣ በቃ።

በ1840ዎቹ ሃይንሪሽ ሆፍማን የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም ለራሱ ትንሽ ልጅ ብሎ የሥዕልና የግጥም መጽሐፍ አዘጋጀ። በውስጡ በማዕድ ላይ አርፎ መቀመጥ አቅቶት፣ ወንበሩን ሲያወዛውዝ ቆይቶ ከነገበታው የሚወድቅ ፊሊፕ የሚባል ልጅ አለ። ዛሬ ስለ መቅበጥበጥ የሚጻፍ ታሪክ ሁሉ ይህን ልጅ ሳይጠቅስ አያልፍም። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለተግሣጽ ነው፤ ፊሊፕ ታማሚ ሳይሆን አልታዘዝ ያለ ልጅ ነው። «አይሰማም» በእናቶቻችን ትርጉም ማለት ነው።

ያ ተግሣጽ ወደ ሕክምናም ገባ። በ1902 ጆርጅ ስቲል የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በለንደን የንጉሣዊ ሐኪሞች ኮሌጅ ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። የገለጻቸው ልጆች የማሰብ ችሎታቸው ደህና ሆኖ ራሳቸውን መግታት ያቃታቸው ናቸው። ችግሩን የጠራው የሞራል ቁጥጥር ጉድለት ብሎ ነው። እርግጥ ስቲል ልጆቹ ሆን ብለው ያጠፋሉ ለማለት አልነበረም የፈለገው፤ የሰውነት ችግር እንደሆነ ለማሳየት ነበር የደከመው። ስሙ ግን ስም ነው፤ ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል።

በ1932 ደግሞ ፍራንዝ ክራመርና ሃንስ ፖልኖቭ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በበርሊኑ የሻሪቴ ሆስፒታል ያዩዋቸውን ልጆች ገልጸው፣ ሕመሙን ከጠባይ ለይተው በእንቅስቃሴው ሰየሙት። ሁለቱም በናዚዎች ዘመን በአይሁድ ዘርነታቸው ከሥራቸው ተባረሩ። ክራመር ወደ ሆላንድ ሸሸ፤ ፖልኖቭ በ1943 በማውትሃውዘን ካምፕ ተገደለ። የሠሩት ሥራ ለብዙ ዓመታት ሳይነሣ ቆየ። ይህን እዚህ የማነሣው ለታሪኩ ሙሉነት ብቻ አይደለም፤ እውቀት ዝም ብሎ በራሱ እየጨመረ የሚሄድ ነገር እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው።

መድኃኒቱን በአጭሩ ልለፈው። በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት ያስታግስልኛል ብሎ ለልጆች የሰጠው ቤንዜድሪን የተባለ መድኃኒት ራስ ምታቱን ብዙም አልረዳም፤ የትምህርት ውጤታቸውን ግን አሻሻለ። ልጆቹ ራሳቸው «የሒሳብ ክኒን» አሉት። እኛ ሁላችን ስሙን የምናውቀው ሪታሊን በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሠራ፤ ስሙም የመጣው ከሠሪው ከሊያንድሮ ፓኒዞን ሚስት ነው፤ ሪታ ትባል ነበር። ስለ ሪታሊን የሚደረገው ክርክር ቤታችን ውስጥ በቂ ጊዜ ወስዷል፤ እዚህ አልደግመውም።

ዘጠነኛው ምልክት

ቋንቋ የገባውና የወጣው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ እነዚህ ልጆች «አነስተኛ የአንጎል ሥራ መታወክ» አለባቸው ይባል ነበር። በ1966 ሳም ክሌመንትስ በመንግሥት ተልእኮ ባዘጋጀው ዘገባ በጥናቶች ውስጥ በብዛት የተጠቀሱትን አሥር ምልክቶች ዘረዘረ። አንደኛው መቅበጥበጥ ነው። አምስተኛው የትኩረት ችግር ነው። ዘጠነኛው ደግሞ የንግግርና የመስማት ችግር ነው። ማለትም የዚያን ጊዜ ሐኪም ፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ሲያይ እግሩንም፣ ልቡንም፣ አፉንም በአንድ ላይ ያይ ነበር።

ዝርዝሩ ልቅ ነበር፤ በእሱ ከሄድን ግማሽ ክፍል ታማሚ ይሆናል። ስለዚህ በ1968 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያውን ሲያወጣ ነገሩን አሳጠረው፦ ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ፣ አለመርጋት፣ ሐሳብ መበታተን፣ አጭር ትኩረት። ንግግር የለም። በካናዳው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ቨርጂኒያ ዳግላስ በ1972 ዋናው ችግር እንቅስቃሴው ሳይሆን ትኩረቱና ራስን መግታቱ ነው ብላ ጻፈች፤ በ1980 መመሪያው ስሙን ወደ ትኩረት ማነስ ቀየረ። በ1987 አሁን ሁላችን የምናውቀው ኤዲኤችዲ የሚለው ስም መጣ።

በዚያው ጊዜ ባለሙያውም ተከፋፈለ። መቅበጥበጡን ሐኪም ወሰደ፣ ንባቡን የትምህርት ባለሙያ ወሰደ፣ ንግግሩን የንግግር ባለሙያ ወሰደች። በእኔ አስተያየት ቋንቋ ከዝርዝሩ የወጣው ልጆቹ መናገር ስለተሻላቸው አይደለም፤ ቢሮው ስለተለየ ነው።

የሚያስቀው ነገር ቋንቋ በበር ወጥቶ በመስኮት መግባቱ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የአሥራ ስምንት ምልክቶች ዝርዝር ከፍታችሁ አንብቡት። ፊት ለፊት ሲያናግሩት የሚሰማ አይመስልም። የታዘዘውን ተከትሎ አይጨርስም። ከመጠን በላይ ያወራል። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይናገራል። የሰው ወሬ ያቋርጣል። እነዚህ ሁሉ በቋንቋ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ቋንቋው ያልገባው ልጅም «የሚሰማ አይመስልም»፣ ትእዛዙም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርበታል። መጠይቁ ያንን ከዚህ አይለይም።

ተረቱን መልሰህ ንገረኝ

በ1990ዎቹ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነገሩን መልሰው አገናኙት። ናንሲ ኮሄንና ባልደረቦቿ በጠባይ ችግር ወደ ሥነ አእምሮ ክሊኒክ የተላኩ ልጆችን ቋንቋ ሲመረምሩ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ማንም ያልጠረጠረው የቋንቋ ችግር እንዳለባቸው አገኙ። ልጁ በረባሽነቱ መጣ፤ የቋንቋውን ነገር የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሮዝሜሪ ታኖክ ያደረገችው ደግሞ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር ነው፤ ተረት አወራቻቸው። በ1993 በታተመው ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች ታሪክ ይሰማሉ፣ ከዚያ መልሰው ይነግራሉ። የታሪኩን ዋና ሐሳብ መረዳት ላይ ልጆቹ አልተለያዩም። ልዩነቱ የመጣው ሲናገሩ ነው። ትኩረት የሚያንሳቸው ልጆች ከታሪኩ የሚያወጡት ነገር ያነሰ ነበር፣ ቅደም ተከተሉ ይፈርስ ነበር፣ አያያዡ ይላላ ነበር። እስቲ በእኛ ተረት አስቡት፦ «ከዚያ መጣና ወሰደው፣ ከዚያ እሱ ተናደደና ሄደ» ይላል ልጁ። ማን መጣ? ጅቡ ነው ቀበሮው? ምኑን ወሰደ? ልጁ ታሪኩን ያውቀዋል፤ አድማጩ ግን ጠፍቷል።

ከአራት ዓመት በኋላ እሷና ካረን ፐርቪስ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ነገሩ ይበልጥ ጠራ። የንባብ ችግር ያለባቸው ልጆች ድካማቸው በቃላትና በትርጉም ላይ ነበር። ትኩረት የሚያንሳቸው ልጆች ድካም ያለው ንግግሩን በማደራጀትና፣ ሲሳሳቱ ሰምቶ በማረም ላይ ነው። ሁለቱም ያለባቸው ልጆች ሁለቱንም ይሸከማሉ። በ2017 ሃና ኮሬልና ባልደረቦቿ 21 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች በመረዳትም፣ በመናገርም፣ ቋንቋን ከሰው ጋር በአግባቡ በመጠቀምም ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ክሌመንትስ በዘጠነኛ ተራ የጻፈው ነገር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ለምን እንደዚህ ይሆናል? አንዱ መልስ የሚመጣው ከሌቭ ቪጎትስኪ ነው፤ በቤላሩስ ጎሜል ከተማ ያደገ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ። እሱ እንደሚለው ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ድምፁን አውጥቶ ለራሱ ይናገራል፤ «አሁን ይሄን እዚህ፣ ያንን እዚያ»። እያደገ ሲሄድ ንግግሩ ወደ ውስጥ ይገባና ሐሳቡን የሚመራበት መሣሪያ ይሆናል። ሎራ በርክ በ1991 ባሳተመችው ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ላይ ይህ ወደ ውስጥ መግባት እንደሚዘገይ አሳየች፤ እኩዮቻቸው ውስጥ ውስጡን ሲያስቡ እነሱ ገና ጮክ ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ። እኛ ቤት ብቻውን የሚያወራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሒሳብ ሲሠራ ለራሱ የሚያንሾካሹክ ልጅ «አብደሃል እንዴ? ዝም በል!» ይባላል። ክፍል ውስጥም ይህንኑ ይሰማል። ልጁ ግን በእጁ የያዘው ምርኩዝ እሱ ነው።

እኛ ስንመጣ

አሁን ዓመታቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዘመቻ ሙሴ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ። ኤዲኤችዲ የሚለው ስም 1987። የእስራኤል የልዩ ትምህርት ሕግ 1988። ዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991፣ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል። የታኖክ የመጀመሪያ የተረት ጥናት 1993። ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን ክፍል ውስጥ የገቡት፣ አዲሱ ስምና አዲሱ ሕግ ገና ሲተከሉ፣ ቋንቋ ደግሞ ገና ወደ ዝርዝሩ ሳይመለስ ነው።

በዚያ ጊዜ ትልቁ ክርክር ስለ ትኩረት አልነበረም፤ ስለ ማሰብ ችሎታ ነበር። ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ፣ ማለትም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። የሥዕልና የቅርጽ ፈተና ቀረበላቸው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ውጤቱ ዝቅ አለ። እዚህ ላይ የሩቬን ፎይርስታይን ስም መነሣት አለበት። ሮማኒያ የተወለደው ፎይርስታይን በዓሊያት ሃኖዓር ውስጥ ከሾዓ የተረፉ ልጆችን አስተምሯል፤ በ1950ዎቹ ከሞሮኮ የሚመጡ ልጆችን መርምሯል። በተለመደው ፈተና ደካማ የተባሉትን ልጆች አይቶ ጥያቄውን ገለበጠው፦ ምን ያውቃል ሳይሆን ሲያስተምሩት እንዴት ይማራል? መጀመሪያ ይፈትናሉ፣ ከዚያ ያስተምራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይፈትናሉ። ሽሎሞ ካኒኤል፣ ዳዊድ ጹሪኤል፣ ፎይርስታይንና ሌሎችም በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶችን መርምረው በ1991 ሲያሳትሙ፣ ጥቂት ትምህርት ከተሰጠ በኋላ ውጤቱ እጅግ ከፍ ማለቱን አሳዩ።

ይህ ሥራ ለማኅበረሰባችን ትልቅ ውለታ ነው፤ እንደዚያ ነው የማየው። ግን የመለሰው አንድ ጥያቄ ነው። «ልጁ ማሰብ ይችላል ወይ?» ለሚለው «አዎ፣ ይችላል» አለ። «ልጁ የማይሰማው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ከ1988ቱ ሕግ በኋላ ልጆች በኮሚቴ እየታዩ ወደ ልዩ ትምህርት ሲመደቡ፣ የእኛ ልጆች ያለ አግባብ ይላካሉ የሚለው ቅሬታ ከማኅበረሰቡ ደጋግሞ ተነሥቷል። የቅሬታው ሌላኛው ፊት ግን ብዙም አይወራም፦ እውነተኛ ችግር ኖሮባቸው «ኦሌ ኻዳሽ ነው፣ ቋንቋ ነው፣ ይለምዳል» ተብለው የታለፉ ልጆች። አንደኛው ልጅ ያልሆነውን ሆነ ተባለ። ሁለተኛው የሆነውን የሚነግረው ሰው አጣ፤ ዓመታት ሲያልፉ ራሱን ሰነፍ ብሎ ደመደመ።

ሦስተኛም አለች፣ እሷ ዝም ያለችው ናት። በአገር ቤት ልማድ በታላቅ ፊት ዝም የሚል፣ ዓይኑን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ጨዋ ነው። ትኩረት ማነስ ሁልጊዜ በመቅበጥበጥ አይመጣም፤ መስኮት መስኮት እያየች፣ ማንንም ሳትረብሽ፣ ምንም ሳትሰማ ዓመቱን የምትጨርስ ልጅም አለች። አስተማሪዋ «ቤሴዴር፣ ሽኬታ» ትላለች፣ ደህና ናት፣ ዝምተኛ ናት። ቤትም ትመሰገናለች።

አማርኛው ራሱ እንዴት ነገሩን እንደሚያወሳስበው አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአማርኛ «ቆንጆ» ለወንድም ለሴትም «ቆንጆ» ነው፤ ቅጽሉ በጾታ አይለወጥም። በዕብራይስጥ «ያፌ» እና «ያፋ» ይለያያሉ። ቤቱ አማርኛ የሚሰማ የስድስት ዓመት ልጅ «ያልዳ ያፌ» ቢል ምን እንበል? ከአማርኛው ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ዕብራይስጥ ሲበዛለት ይተወዋል። ወይም የቋንቋ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት መያዝ የቋንቋ ችግር ያለባቸውን ልጆች በዕብራይስጥ ብቻ ያደጉትንም ጭምር ይከብዳቸዋል። ወይም ልጁ ያውቀዋል፣ ግን ቸኮለ፣ ልቡ ከቃሉ ቀድሞ ሄደ። አንድ ስሕተት፣ ሦስት ምክንያት። ዕብራይስጡን ብቻ የሚሰማ መርማሪ ሦስቱን ሊለያቸው አይችልም።

ሁለት ቦታ፣ ሁለት ቋንቋ

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የኤዲኤችዲ መመዘኛው ራሱ ምልክቶቹ ቢያንስ በሁለት ቦታ እንዲታዩ ያዝዛል፤ ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ አይበቃም፣ ቤትም መጠየቅ አለበት። የቋንቋ ችግርን የሚመረምሩ ባለሙያዎችም እንዲሁ ይላሉ፦ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ እውነተኛ የቋንቋ ችግር ካለበት ችግሩ በሁለቱም ይታያል እንጂ በአንዱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች በእናቶቻችን ወጥ ቤት በኩል ያልፋሉ። አማርኛ እዚህ ላይ ለወላጅ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ የምርመራው ግማሽ ነው።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ተመረመረ። እናቴ ጎን ተቀምጬ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ሠርታችኋል። ባለሙያዋ ከመጠይቁ እያነበበች «በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ» ከሚለው አንዱን እንድንመርጥ ትጠይቃለች። እናቴ ግን የምትመልሰው በታሪክ ነው። «ብዙ ያወራል?» ስትባል፣ «ከማን ጋር ያወራል? እኔ ሌሊት ነው ከሥራ የምገባው። ቅዳሜ አያቱ ስትመጣ ግን አፉ አይዘጋም፤ ከፊሉ በዕብራይስጥ ነው፣ እሷም አይገባትም፣ እየሳቀች ትሰማዋለች» አለች። ሁሉንም ተረጎምኩላት። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችና «አዝ ማ ሊርሾም?» አለችኝ፤ ታዲያ ምን ልጻፍ? እናቴ የነገረቻት ነገር ውስጥ ስለ ወንድሜ ትኩረት፣ ስለ ቋንቋው፣ ከማን ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወራ ብዙ ነገር ነበረ። ወረቀቱ የፈለገው ቁጥር ነው።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ፣ አስተርጓሚም እንዲያቀርቡ የሚያዝዝ መመሪያ አውጥቷል። ከዚያ በኋላ ክሊኒክ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ «ሌላ ምርጫ የለም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ታናናሾቻችሁን፣ ወይም እየወለዳችሁ ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን፣ ስታስመረምሩ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እንግዲያው በአማርኛ ይፈተኑ» ማለትም መልስ አይሆንም። እዚህ ተወልዶ፣ እናቱ በአማርኛ ስታናግረው በዕብራይስጥ የሚመልስ ልጅ ጎንደር ከሚማር እኩያው ጋር በአማርኛ ቢወዳደር ይወድቃል፤ ዕብራይስጥ ብቻ ቤቱ ከሚነገር እኩያው ጋር በዕብራይስጥ ቢወዳደርም ሊያንስ ይችላል። ሁለት ግማሽ ተደርጎ ሲቆጠር ሁለት ጊዜ ጎደሎ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት በአውሮፓ አገሮች ትብብር፣ የባር ኢላኗ ሻሮን አርሞን ሎቴም በመራችው ሥራ፣ ለሁለት ቋንቋ ልጆች የሚሆኑ የመመርመሪያ መንገዶች ተዘጋጅተዋል። አንዱ ልጁ ሥዕል አይቶ ታሪክ የሚናገርበት ነው፤ በአንደኛው ቋንቋ አንድ ታሪክ፣ በሌላው ሌላ። የሚታየው የቃላት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ ተያይዟል ወይ? ማን ምን ፈለገ፣ ምን ሞከረ፣ ምን ሆነ? ልጁ በአማርኛው ቃል ቢያጥረው እንኳ አጥንቱ ከቆመ ይታያል።

እኔ አሁን ልምምድ በምሠራበት ቦታ ከእናቶች ጋር ስቀመጥ መጠይቁን ትቼ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲያዙት ምን ያደርጋል? በቅርቡ አንዲት እናት፣ ልጃቸው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ እንዲህ መለሱልኝ፦ «ውሃ አምጣና በሩን ዝጋ ስለው ውሃውን ያመጣል፣ በሩ ክፍቱን ያድራል።»

«በየትኛው ቋንቋ ሲነግሩት ነው?» አልኳቸው።

«በሁለቱም ልጄ። በአማርኛም ብነግረው፣ እኅቱ በዕብራይስጥ ብትነግረውም ያው ነው። ለኳስ ጨዋታ የሚለብሰውን ከሆነ ግን ካልሲው፣ ጫማው፣ ውሃው፣ ቦርሳው፣ አንዱም አይቀርበት። በአማርኛ ነው የምነግረው፣ አንዱም አይቀርም።»

ከአራት ነገር አንዱም ካልቀረበት አማርኛውን ይረዳዋል ማለት ሊሆን ይችላል። የቋንቋ ችግር ቢሆን ኖሮ በኳሱም ሰዓት ትእዛዙ ሊጠፋበት ይችል ነበር፤ እንደ ፍላጎቱ እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር ወደ ትኩረቱ ነው የሚጠቁመው። አንድ መልስ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ ገና ተረት ማስነገር ይቀረናል። መጠይቁ ላይ ይህን የምጽፍበት መስመር ስላልነበረ ከጎኑ በእርሳስ፣ መጀመሪያ እሳቸው እንዳሉት በአማርኛ፣ ከሥሩ በዕብራይስጥ ጻፍኩት።